ዓሊ ቢራ

ዓሊ ቢራ (የትውልድ ስሙ ዓሊ መሐመድ ሙሳ፤ እ.ኤ.አ. 1947 – ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.) በድሬዳዋ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ፣ የዜማና የግጥም ደራሲ፣ እንዲሁም የኡድና የጊታር ተጫዋች ነበር። ስሙ ከሁሉ በላይ ከዘመናዊው የአፋን ኦሮሞ ሙዚቃ ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛም ዘፍኗል። የሙያ ዘመኑ ከ50 ዓመት በላይ ሲሆን በሦስት መንግሥታት ሥር አልፏል። መዝፈን ሲጀምር በአፋን ኦሮሞ መድረክ ላይ መውጣት በራሱ ጥርጣሬን የሚጋብዝ ነገር ነበር፤ የሙያ ጉዞውን ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ድሬዳዋና የልጅነት ጊዜው

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚያ ደረሰ። መስመሩ ተራራ ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከተማዋ በሜዳው ላይ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ስለሆነ ድሬዳዋ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል የመስመሩ ዋና ጣቢያ ሆና ቆይታለች። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በደጋው ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ይሞላል። በአንደኛው ወገን በፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያው ያለበት መጋላ ይገኛሉ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በንግድና በባቡር ሥራ ተገናኝተው የኖሩባት ከተማ ስለሆነች፣ አንድ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ እየሰማ ማደጉ እንደ ተአምር አይቆጠርም።

ዓሊ የተወለደው ገንደ ቆሬ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ እናትና አባቱ ተፋቱ፤ ያደገው በአባቱ እጅ ነው። በልጅነቱ የዐረብኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ዐረብኛ ተምሯል። ከጊዜ በኋላ በዚያ ቋንቋ መዝፈኑ ከዚህ ትምህርትና ከከተማዋ ጠባይ የመጣ ነው።

የዚያን ዘመን የድሬዳዋ ወጣት ሙዚቃ የሚማረው በትምህርት ቤት ሳይሆን በሬዲዮና በሠርግ ቤት ነበር። ከኦምዱርማን የሱዳን ዘፈን ይሰማል። ከሐርጌሳና ከሞቃዲሾ በኡድ የታጀበ የሶማልኛ ዘፈን ይመጣል። ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ የኤደንና የካይሮ ድምፅ ይገባል። የሞቃዲሾ ሬዲዮ በ1950ዎቹ በአፋን ኦሮሞም ማሰራጨት ጀምሮ ነበር። በአገር ውስጥ በዚህ ቋንቋ የሚሰማ ስርጭት ላጣ የምሥራቅ ኢትዮጵያ አድማጭ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በጊዜው ለነበረው መንግሥት ደግሞ ከጎረቤት አገር የሚወረወር ቅስቀሳ ሆኖ ይታየው ነበር።

አፍራን ቀሎ

ዓሊ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ፣ በድሬዳዋ የተቋቋመውን የኦሮሞ ባህል ቡድን ተቀላቀለ። ቡድኑ የሚታወቀው «አፍራን ቀሎ» በሚለው ስም ነው። «አፍራን» አራቱ ማለት ነው። «ቀሎ» የሐረርጌ ኦሮሞ የዘር ሐረግ መጠሪያ ሲሆን አራቱ የቀሎ ልጆች የሚባሉትም አላ፣ ኦቦራ፣ ዳጋና ባቢሌ ናቸው። ስለዚህ ስሙ ለአካባቢው ሰው «የሁላችንም ቤት» እንደ ማለት ነበር።

ቡድኑ የሙያ ተቋም አልነበረም። በንግድ፣ በትምህርትና በቀን ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው መሣሪያ የሚገዙበትና ማታ ማታ የሚለማመዱበት ስብስብ ነው። የሚታዩትም በሠርግና በበዓላት ነበር። ከባህሉ የሚወስዱት ብዙ ነገር አላቸው። በሐረርጌ ሸጎዬ የሚባለው የወጣቶች የሌሊት ጭፈራ፣ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ሆነው እየተቀባበሉና አንገት እየወዘወዙ የሚጫወቱት፣ የራሱ ምትና የራሱ ግጥም አለው። ወጣቶቹ ይህን ከኡድና ከከበሮ ጋር አዋሕደው ወደ መድረክ አወጡት። በሬዲዮ የሰሙትን የሱዳን ወይም የሶማሌ ዜማ ወስዶ በራስ ቋንቋ ግጥም መግጠምም በምሥራቅ ከተሞች የተለመደ ነበር፤ ማንም እንደ ስርቆት አይቆጥረውም።

ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ የሠርግ ዘፈን ምን ያህል ያስጨንቃል ያሰኛል። በዚያን ጊዜ ግን አማርኛ የትምህርት፣ የፍርድ ቤትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ነበር፤ የሕዝብ መድረኩም በአብዛኛው የእርሱ ነበር። በሌላ በኩል በ1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በድንበር ተዋግተዋል። ከዚያ ወዲህ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በአማርኛ ያልሆነ ማንኛውም ማኅበር በጸጥታ ሰዎች ዓይን ሥር ወደቀ። አፍራን ቀሎም ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ታገደ። ከአባላቱ የታሰሩ አሉ፣ ከአገር የወጡም አሉ። ዓሊ ሸቦን የመሰሉ የቡድኑ ድምፃውያን በምሥራቅ ኢትዮጵያ አድማጭ ዘንድ ዛሬም ይታወሳሉ።

ዓሊ በዚያ ቡድን ውስጥ የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ቢሆንም የኋላ ሥራው መሠረት እዚያ የተጣለ ይመስላል፤ በኡድ የሚመራ ዜማ፣ የከተማ ወጣት አቀራረብና የገጠር ግጥም አንድ ላይ የተገናኙት በአፍራን ቀሎ ልምምድ ላይ ነው።

«ቢራ» የሚለው ስም

ቢራ የአባቱ ስም አይደለም፤ ከመጠጡም ጋር አይገናኝም። በአፋን ኦሮሞ «ቢራ» ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበትና አበባ የሚታይበት ወቅት ነው፤ በአማርኛ መፀው የምንለው። ከዝናብ በኋላ ሰማይ ሲገለጥ «ብራ ሆነ» የሚል አማርኛ ተናጋሪም ስሜቱን ወዲያው ያገኘዋል። ዓሊ በመድረክ ላይ መጀመሪያ የዘፈነው «ቢራ ዻ በሪኤ» የተባለውን ዘፈን ነበር፤ ወቅቱ ጠባ፣ ብራው ነጋ እንደ ማለት ነው። ሕዝቡ ልጁን በዘፈኑ ጠራው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በአማርኛ ጽሑፎች «አሊ ቢራ»፣ «ዓሊ ቢራ» እና «ዓሊ ብራ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

በክብር ዘበኛ

ቡድኑ ከታገደ በኋላ ዓሊ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እዚያም በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። በእነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ሆኖ በደመወዝ መኖር የሚቻለው በአብዛኛው በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ነበር፤ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በሀገር ፍቅር ማኅበር። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና ማሕሙድ አሕመድን ያፈራ ቤት ነው። ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ትሮምቦን፣ ጊታር፣ ቤዝ ጊታርና ድራም ያለው፣ ኖታ የሚነበብበትና በሰዓት የሚለማመዱበት ክፍል ነበር።

ከዚህ ቦታ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ድሬዳዋ ላይ በአፋን ኦሮሞ መዝፈኑ ያስጠረጠረው ወጣት፣ አዲስ አበባ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ድምፃዊ ሆነ። ይህ የግድ የሚጋጭ አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ የኦርኬስትራው ዘፋኞችም አልፎ አልፎ በአፋን ኦሮሞ ይጫወቱ ነበር። መንግሥት የሚፈራው ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን በራሱ የቆመ ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል። በወታደር ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ነገር በትእዛዝ ነው፤ ምን እንደሚዘፈንና የት እንደሚዘፈን የሚወስነው አለቃ ነው።

ዓሊ የወታደር ቤት ሥርዓት አልተስማማውም። ጥቂት ዓመታት አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃ ለቀቀ። ሆኖም ከኡድ ብቻ ተነሥቶ የሙሉ ባንድ አሠራር ያወቀው እዚያ ነው፤ ነፋስ መሣሪያዎች መቼ ገብተው መቼ እንደሚወጡ፣ ድምፃዊው ለቤዝና ለድራም ቦታ እንዴት እንደሚተው የሚታወቀው በእንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ ነው።

ሸክላና ካሴት

ዓሊ ከክብር ዘበኛ የወጣበት ጊዜ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ መልካም ጊዜ ነበር። ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር፤ ማኅበሩ ግን ብዙም አልሠራበትም። አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ጥሶ የግል ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዓሊ ታንጎ በሚል ቅጽል የሚታወቀው የካይፋ ሪከርድስ ባለቤትም ተከተለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድምፃዊ ያለ መንግሥት ተቋም ፈቃድ ድምፁን ወደ ገበያ ማውጣት ቻለ። ያ ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ድምፃዊ የሚታወቀው በአልበም ሳይሆን በነጠላ ዘፈን ነው።

ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ሥራ በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ የመጀመሪያው አልበም እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። «የመጀመሪያ» የሚለውን ቃል በልኩ መውሰድ ያሻል፤ ቀደም ብሎ በዚህ ቋንቋ የዘፈኑ ሰዎች ነበሩና። የዓሊ ሥራ ልዩነቱ አፋን ኦሮሞን በሌላ ቋንቋ ዝግጅት መካከል ጣል እንደሚደረግ ማጣፈጫ አለማየቱ ነው። ሙሉ ሥራ በዚህ ቋንቋ ቢቀርብ ገዢ እንዳለው ታየ። ከዚያ በኋላ የመጡ አሳታሚዎች ይህን አልረሱትም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተውም ተዘግተውም ነበር። በአንድ በኩል «በሪሳ» የተባለው የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1975 መታተም ጀመረ፤ ያን ጊዜ በግዕዝ ፊደል ነበር የሚጻፈው። በሌላ በኩል የሰዓት እላፊ፣ ሳንሱርና ቀይ ሽብር መጡ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል የተደረገው ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ነበር። በአዲስ አበባ የሌሊት ክበብ የገባ ሰው ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ እስከ ንጋት መቆየት ግድ ስለሆነበት ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር የሚመታበት አይቤክስ ባንድ (በኋላ ሮሃ ባንድ) ያደገው በዚህ ሁኔታ ነው። ገበያውም ከሸክላ ወደ ካሴት ዞረ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በባትሪ በሚሠራ ቴፕ መብራት በሌለበት ገጠርም ይሰማል፤ እየተባዛም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የዓሊ ድምፅ ከድሬዳዋና ከሐረር አልፎ እስከ ወለጋ፣ ጅማና ቦረና ድረስ እንዲታወቅ ከመድረክ ይልቅ ካሴት ሳይረዳው አልቀረም።

የሙዚቃው ጠባይ

የዓሊ ሙዚቃ ከኡድ ይጀምራል። ኡድ ሆዱ እንደ ዱባ ግማሽ የተነፋ፣ አንገቱ አጭር፣ ጫፉ ወደ ኋላ የታጠፈ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጥንድ አውታሮችና አንድ ለብቻው የቆመ ወፍራም አውታር ይኖሩታል። እንደ ጊታር የጣት ማረፊያ መለያ የለውም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ በሁለት ድምፆች መካከል እንደ ልብ መንሸራተት ይችላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረሪዎች፣ በሶማሌዎችና በኦሮሞዎች ዘንድ የተለመደ መሣሪያ ሲሆን ለደጋው አድማጭ ግን እንደ ክራርና እንደ ማሲንቆ ቅርብ አይደለም።

ኡድን በባንድ ውስጥ ማስገባት ራሱን የቻለ ችግር አለው። ብቻውን ሲመታ ዜማውንም ምቱንም ይይዛል፤ ወፍራሙ አውታር ከሥር እየደጋገመ ሲመልስ ቀጫጭኖቹ ዜማውን ያዜማሉ። ባንድ ሲጨመር ያ የታችኛው ሥራ ወደ ቤዝ ጊታር ይዛወራል። ቤዙ ብዙ ሳይዘበራረቅ አንድን አጭር ሐረግ ደጋግሞ ሲይዝ፣ ኡዱ ወይም ጊታሩ ከላይ ነጻ ይሆናል። የዓሊ ዘፈኖች ዘገም ባለና በሚደጋገም ምት ላይ የመቆማቸው ምክንያት በከፊል ይህ ነው። ዜማዎቹ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የሱዳን ዘፈንም እንዲሁ ስለሆነ ሁለቱን አዋሕዶ መስማት ለጆሮ አይከብድም።

አዘፋፈኑ ረጋ ያለ ነው። ከክብር ዘበኛ ጓዶቹ አብዛኞቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በማንቀጥቀጥ ሲታወቁ ዓሊ ግን ለአንድ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ይዘፍናል። ቃሉ በግልጽ ይሰማል። ይህ የግጥሙን ክብደት የጨመረለት ይመስላል። ከብዙዎቹ ሥራዎቹ መካከል «አማሌሌ» እና «ሂን ያዲን» በሰፊው የሚታወቁ ናቸው።

ግጥሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ አገር ናቸው። ፍቅረኛና አገር በአንድ ቃል ሊጠሩ መቻላቸው በኦሮሞም ሆነ በአማራ የቃል ግጥም የቆየ ልማድ ነው፤ አማርኛ ሰምና ወርቅ የሚለው ዓይነት። ሳንሱር ባለበት ዘመን እንዲህ ያለው አገጣጠም ሁለት ጥቅም ነበረው። ሳንሱር ክፍሉ የፍቅር ዘፈን ያነብባል፤ አድማጩ የፈለገውን ይሰማል። ያም ሆኖ እያንዳንዱን የዓሊ ዘፈን የተደበቀ የፖለቲካ መልእክት አድርጎ መተርጎም ሥራውን ያጠበዋል፤ የፍቅር ዘፈን የሆኑት በእርግጥም የፍቅር ዘፈኖች ናቸው።

ስደትና መመለስ

ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ከኢትዮጵያ ወጣ። ከዚያ በኋላ በስዊድን፣ በአሜሪካና በካናዳ ኖሯል። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቁጥር ከደርግ ዘመን ጀምሮ እየጨመረ ስለመጣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሚደረጉ የማኅበረሰብ ዝግጅቶች ለእንደ እርሱ ያሉ ድምፃውያን አዲስ መድረክ ሆኑ። ተመልካቹ ግን ተለውጦ ነበር። ድሬዳዋ ላይ የሠርግ ቤት ጨዋታ የነበረው፣ ቶሮንቶ ላይ ልጆቻቸው ቋንቋውን እንዳይረሱ ለሚሠጉ ወላጆች ሌላ ነገር ሆነ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አፋን ኦሮሞ በኦሮሚያ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍም ተጀመረ። ዓሊም ወደ አገር ቤት እየተመላለሰ መሥራት ቻለ፤ የመጨረሻ ዓመታቱንም በኢትዮጵያ አሳልፏል። በልጅነቱ ያዩት ሰዎች ፈርተው ያዳምጡት የነበረው ቋንቋ አሁን በቴሌቪዥን በየቀኑ የሚሰማ፣ በየወሩ አዲስ ዘፋኝ የሚወጣበት ሆኖ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ የአፋን ኦሮሞ ድምፃውያን ዘፈኖቹን ደጋግመው ተጫውተዋል። የኦሮሞ ሙዚቃ አባት የሚለውን መጠሪያም ከአድማጮቹ አግኝቷል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ የኢትዮጵያን የቀድሞ ዘመን ቅጂዎች ለዓለም በሚያቀርብበት «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ 28ኛውን ቁጥር ለዓሊ ቢራ ሥራዎች ሰጠ። በዚህ ተከታታይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጎልቶ የቆየው የአዲስ አበባው የአማርኛ ዘፈን ነበር። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሙዚቃ ማለት የአማርኛ ዘፈንና የነፋስ መሣሪያ ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ የውጭ አድማጮች ይህ ቁጥር ሌላውን ገጽ አሳይቷል።

ዓሊ ቢራ ታሞ በአዳማ ሆስፒታል ሲታከም ቆይቶ እሑድ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፈ። ቀብሩ በድሬዳዋ ተፈጽሟል።